ወንድሜ የሠራው ሌብል ሲታተም ተበላሸ፤ አሁን ማንን ልቆጣ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። 32 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቤቴ ውስጥ ዳጣ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። መጀመሪያ ለጎረቤትና ለዘመድ ነበር፤ ቀጥሎ ምግብ ቤቶች ማዘዝ ጀመሩ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ሊቀበለኝ ተስማምቷል። የመጀመሪያውን ዕቃ ለማድረስ የቀረኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት አይሞላም።

የጠርሙሱን ሌብል የሠራልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። 20 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መተግበሪያ ላይ በስልኩ ሲሠራ ያድር ነበር። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩትም። ጨርሶ ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ፤ እንደዚያ ያምር ነበር። የቃሪያው አረንጓዴ ስልኩ ላይ ያበራል።

አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ላክንለት። ባለቤቱ ‹‹ችግር የለም፣ የሚስተካከለውን እኛ እናስተካክላለን›› አለኝ። 2,000 አዘዝኩ፤ ሙሉ ብሩን ከፈልኩ። ሲደርሰኝ አረንጓዴው ጠውልጓል። ጽሑፉ ደብዝዟል። ዳር ዳሩ ላይ ነጭ መስመር ወጥቷል፤ አንዱ ላይ በቀኝ፣ ሌላው ላይ በግራ። ከጎን ያለው የይዘት ዝርዝር ደግሞ ወንድሜ የጻፈው አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ‹‹አይነበብም ነበር›› ብሎ እንደገና ጽፎታል፤ ሲጽፈውም ዝንጅብሉን ዘሎታል። ሁለት ጠርሙስ ላይ ለጥፌ ፍሪጅ ከተትኳቸው፤ በማግስቱ ጫፋቸው ተነስቶ አገኘሁት።

ባለቤቱን ስደውልለት ‹‹ፋይላችሁ ነው፤ እኔ የላካችሁልኝን ነው ያተምኩት›› ይላል። ወንድሜ ‹‹ስልኬ ላይ እይው፣ ምን ጎደለው?›› ይላል። እኔም ተናድጄ ‹‹ድሮም ለባለሙያ መስጠት ነበረብኝ›› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም። እናቴ ‹‹ለወረቀት ብለሽ ወንድምሽን ታስከፊያለሽ?›› ትለኛለች። ትናንት ደግሞ በእሷ በኩል ‹‹ትራንስፓረንት ስቲከር ይሁን፣ ያኔ ያምራል›› ብሎ ልኮብኛል።

ለዲዛይነር ልስጠው? ወንድሜስ? 2,000ውን ሌብል ምን ላድርገው? እንደገና ለማሳተም ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው።

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ሰሞኑን ቤታችሁ ውስጥ ስለ ሌብሉ እንጂ ስለዚህ ያወራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቤትሽ ጓዳ ተነስተሽ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ልትቀመጪ ነው። የተበላሸው ሌብል ይህን አልቀየረውም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ‹‹ሌብሉ ተበላሸ›› ብለሽ በአንድ ቃል ጠቅልለሽዋል እንጂ የደረሰብሽ አንድ ጥፋት አይደለም። የቀለሙ፣ የጽሑፉ መደብዘዝና የነጩ መስመር መነሻው ፋይሉ ነው። የዝንጅብሉ መዘለል የማተሚያ ቤቱ ነው። የጫፉ መነሳት ደግሞ የዲዛይን ጉዳይ አይደለም፤ የስቲከሩ ዓይነት ነው። እሱን ደግሞ ማንም ያልጠየቀና ማንም ያልመረጠ ይመስለኛል። አንድ ሰው ላይ ስትጭኚው ነው ሰውየው የሚሸሽሽ፤ ወንድምሽም ባለቤቱም እያደረጉ ያሉት ይህንኑ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ሥራውን ለወንድምሽ ስትሰጪው የጠርሙሱን ልክ ሰጥተሽው ነበር? ጠርሙሱ ፍሪጅ እንደሚገባ ለማተሚያ ቤቱ የነገረው ሰው አለ? 2,000 ከመታተሙ በፊት አንድ የታተመ ናሙና በእጅሽ ይዘሽ አይተሻል? መልሱ ‹‹የለም›› ከሆነ አትደንግጪ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳትም ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው የሚጀምረው። እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት የነበረበት በየቀኑ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር። እኔ በበኩሌ ‹‹ችግር የለም፣ እኛ እናስተካክላለን›› የሚል ማተሚያ ቤት ያሰጋኛል። ደህናው አታሚ ብዙ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ እስኪያሰለች ድረስ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ልጁ የተቀየመሽ በሌብሉ አይመስለኝም። ‹‹ድሮም ለባለሙያ መስጠት ነበረብኝ›› ባልሽው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ እንባሽን አይቶ፣ በመጨረሻ ይህን ሰማ። እንደገና ስላሳተምሽ ብቻ ያ ቃል አይጠፋም። ግን ልጁ አልራቀሽም። አኩርፎም ቢሆን በእናቱ በኩል ሐሳብ የሚልክ ሰው ሥራውን አልተወውም፤ አሁንም ስለ ሌብሉ እያሰበ ነው። ስለዚህ ይቅርታ ስትጠይቂው ስለዚያች አንዲት ንግግር ብቻ ይሁን። ‹‹ሥራህ ያምራል፤ ያኔ ያልኩህን በንዴት ነው ያልኩት። ፋይሉ ግን ለማተሚያ አልተዘጋጀም፤ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አብረን እናስተካክለው፤ በዚህኛው እከፍልሃለሁ።›› ይኸው ይበቃል። መክፈሉን አደራ፤ ትንሽም ቢሆን። በነፃ የተሠራ ሥራ ላይ አስተያየት መስጠት ይከብዳል። ስትከፍዪው ‹‹ይህን ቀይርልኝ›› ለማለት አፍሽ ይፈታል፣ እሱም ትእዛዙን እንደ ሥራ ይቀበለዋል።

ለዲዛይነር ልስጠው ወይ ላልሽው፣ የእኔ ሐሳብ ገና ነው የሚል ነው። ዲዛይኑን ወደሽዋል፤ የጎደለው ለህትመት መዘጋጀቱ ነው። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ወንድምሽ ፈተና ካለበት ወይም ላፕቶፕ ካጣ፣ ኢሉስትሬተር ወይም ኮረልድሮው የሚባሉትን የዲዛይን ፕሮግራሞች የሚችል ሰው ቀጥረሽ የእሱኑ ዲዛይን ለህትመት ብቻ አዘጋጅልኝ ማለት ትችያለሽ። ከባዶ ከማሠራት የሚቀንስ ሥራ ነው፤ የወንድምሽ እጅም አይጠፋበትም። ሰውየው ሲሠራ ወንድምሽ አጠገቡ ይቀመጥ። በዚያች ግማሽ ቀን የሚማረው ለሚቀጥሉት ሌብሎችሽ ሁሉ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለእሱም አስነብቢው።

ስለ ቀለሙ እሱም ትክክል ነው፤ ስልኩ ላይ ያበራል። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ደባልቆ። ይህን አርጂቢ ይሉታል። ማተሚያ ግን ብርሃን የለውም። ወረቀት ላይ አራት ቀለም ይደራርባል፤ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ይህኛው ሲኤምዋይኬ ነው። ስክሪን የሚያሳያቸው ደማቅ አረንጓዴዎች፣ ብርቱካናማዎችና ሰማያዊዎች በአራቱ ቀለም የማይደረስባቸው ናቸው። ማሽኑ በቅርብ ያገኘውን ይሰጥሻል፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ፋይሉን ገና ሲጀምር በሲኤምዋይኬ ይክፈተው፤ ያኔ ማተሚያው የማይሰጠውን አረንጓዴ አይመርጥም። ለምሳሌ ሳያን 75 በመቶ፣ ቢጫ 100 በመቶ፣ ማጀንታና ጥቁር ዜሮ ጥሩ ሕይወት ያለው የቃሪያ አረንጓዴ ይሰጣል። አረንጓዴን የሚያጠወልገው ማጀንታ ነው፤ ሳይታወቅ 20 ወይም 30 በመቶ ገብቶበት ከሆነ ያውጣው። ካንቫ በሲኤምዋይኬ የሚያወጣው በሚከፈልበት ፕሮ ነው። በነፃው ከሠራ ግን ፒዲኤፉን ኢሉስትሬተር ላይ ከፍቶ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ይኖርበታል። ያም ሆኖ ስልኩ ላይ ያያችሁትን ያንኑ ድምቀት አትጠብቁ። አንቺም ይህን ከልብሽ ተቀበይው፤ አለበለዚያ የሚቀጥለውም ናሙና ያሳዝንሻል።

ከዲዛይን በፊት ግን ልክ። ጠርሙሱን ያዢና የወረቀት ቁራጭ ዙሪያውን ጠቅልዪበት። አፍሽ የሚለውን ‹‹ወደ 20 ምናምን›› ሳይሆን ማስመሪያው የሚለውን ጻፊ። ወገቡ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ ዙሪያው 22 ሳንቲ ሜትር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ሌብል ብታደርጊበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተርፋል፤ ገዢ በዚያ ዳጣውን ያያል፣ የሌብሉ ሁለት ጫፎችም እርስ በርስ አይደራረቡም። ቁመቱን ስትለኪ ጠርሙሱ መታጠፍ ከሚጀምርበት ትከሻ በታች ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ተዪ። ሌብል መታጠፊያው ላይ ከወጣ ይጨማደዳል፤ ምንም ዓይነት ሙጫ አያድነውም። ጠርሙሱ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ያለ ሌብል ጠማማ ሆኖ ነው የሚጠቀለለው፤ ያኔ ሌብሉ ራሱ ቅስት ቅርጽ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከሆነ ሌብሉን ከመታገል ጠርሙሱን መቀየር ይቀላል።

ጽሑፉ የደበዘዘው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ምስሉ ትንሽ ስለነበረ ነው። ጥርት ያለ ህትመት በሚታተምበት ልክ ለአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ሌብል ወደ 2,362 ፒክስል ማለት ነው። ለስልክ ፖስት የተሠራ 1,080 ፒክስል ምስል በዚያ ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 137 ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ቴሌግራም ፎቶ አድርጋችሁ ስትልኩ ያሳንሰዋል። በፋይል ላኩ፤ ያኔ አይነካውም። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ጽሑፉንና አርማውን በፎቶ አለመላክ ነው። ከካንቫም ቢሆን ለህትመት የሚሆነውን ፒዲኤፍ መርጦ ያውጣው፤ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢተልቅ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥቁሩ ነው። ከአርጂቢ የተቀየረ ጥቁር ብዙ ጊዜ አራቱም ቀለም ተደራርቦበት ነው የሚወጣው። ማሽኑ አራቱን ቀለም በፀጉር ያህል ቢያዛንፍ፣ ትልቁ ርዕስ ላይ ባይታይም ትንሹ ጽሑፍ ይጨፈግጋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ትንንሽ ቀለበትና እግር ይበዛዋል፤ ሰ እና ሸን፣ ነ እና ኘን የሚለየው ጭረት ነው። ለላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም። የይዘቱን ዝርዝር በጥቁር 100 ብቻ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ዜሮ ሆነው፣ የፎንቱ መጠን ከ7 ሳያንስ ያድርገው። አረንጓዴ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከፈለገ ደግሞ ወፍራሙን ፎንት ይምረጥ፤ ቀለሙ ከዙሪያው እየሰፋ ቀጭኑን ነጭ ይበላዋል።

ፎንቱን በተመለከተ ሌላም ጣጣ አለ። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ የድሮ ፎንቶች በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ) ሳይሆን የተጻፈ ጽሑፍ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ፎንቱ ከሌለ በሌላ ይተካል፤ መስመሩ ይሸሻል ወይም ሳጥን ሳጥን ይሆናል። መድኃኒቱ ፋይሉን ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው፤ አታሚዎቹ ‹‹ከርቭ አድርጋችሁ አምጡ›› የሚሉት ይህን ነው። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ እንደገና ስለማይታረም፣ የሚታረመውን ኮፒ ለብቻው ያስቀምጥ። ከዚህ በኋላ ማተሚያ ቤቱ አንድም ቃል እንደገና መጻፍ አይኖርበትም። ዝንጅብልሽ የጠፋው ሰው እንደገና ስለጻፈ ነውና።

ነጩ መስመር ቀላል ነው። ማሽን ሲቆርጥ አንድ ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ይላል። የጀርባው አረንጓዴ ልክ መቁረጫው ላይ ካበቃ፣ ያቺ መዛነፍ ነጭ ሆና ትታያለች። ስለዚህ ቀለሙ በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሂድ፤ ብሊድ ይሉታል። የ20 በ6 ሳንቲ ሜትር ሌብል ፋይል 20.6 በ6.6 ይሆናል። ጽሑፍና አርማ ደግሞ ከመቁረጫው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። የማዕዘን ጫፎቹን ትንሽ ክብ ቢያደርጋቸው እወዳለሁ፤ ሹል ጫፍ ቀድሞ የሚነሳው ነው። ክብ ከሆነ ግን የመቁረጫ መስመሩ ለብቻው በተለየ ሌየር (በፋይሉ ውስጥ ባለ የራሱ ንጣፍ) እና በተለየ ቀለም መቀመጥ አለበት፤ ስሙን እንዴት እንደሚፈልጉት አታሚውን ይጠይቅ። ይህን የማያውቅ አታሚ መስመሩን እንደ ሥዕል አብሮ ያትመዋል።

አሁን ትራንስፓረንት ስቲከሩ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ለአንቺ ዕቃ ግን አይሆንም። የማተሚያ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ወረቀት ላይ የሚያምረው ከሥሩ ነጭ ስላለ ነው። ትራንስፓረንት ላይ አትመሽ አረንጓዴ ዳጣ ያለበት ጠርሙስ ላይ ብትለጥፊው፣ አረንጓዴው በአረንጓዴ ውስጥ ይሰጥማል፤ ጽሑፉም አይነበብም። ለማስቀረት ከሥሩ ነጭ ቀለም የሚያትም ማሽንና ለነጩ የተለየ ሌየር ያስፈልጋል። ጊዜሽ ጠባብ፣ ገንዘብሽ ትንሽ ሆኖ ወደዚያ አትግቢ። ይህን ግን አንቺ ‹‹አይሆንም›› ብለሽ ከምትዘጊው፣ ምክንያቱን እሱ ራሱ አታሚው ዘንድ ሄዶ ቢሰማው ይሻላል።

አንቺን የሚስማማሽ ነጭ የፕላስቲክ ስቲከር ነው፤ ወረቀት አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ጠርሙስ ሲወጣ ያልበዋል፤ ወረቀት ውኃውን ይጠጣና ያብጣል። ዘይት የነካው ወረቀትም ይወይባል። ፕላስቲኩ ላይ ላሚኔት (ስስ ግልጽ ሽፋን) ተጨምሮበት ቋሚ ሙጫ ያለው እንዲሆን ጠይቂ። አለጣጠፉም ሥራ አለው። ጠርሙሱ ከዘይትና ከውኃ ፍጹም የጠራ፣ ቀዝቃዛም ትኩስም ያልሆነ ይሁን። ከለጠፍሽ በኋላ ሙጫው እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ ይደር፤ ወዲያው ፍሪጅ አይግባ።

ስለ ሱፐርማርኬቱ ሁለት ነገር ልጨምር። ባርኮድ ከጠየቁሽ አረንጓዴው ጀርባ ላይ በቀጥታ እንዳይቀመጥ። ብዙዎቹ ማንበቢያዎች የሚጠቀሙት ቀይ ብርሃን ነው፤ በዚያ ብርሃን አረንጓዴ ጀርባ ጥቁር ስለሚመስለው መስመሮቹን መለየት ያቅተዋል። ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ በጥቁር፣ ግራና ቀኙ ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ያስቀምጠው። የተለመደው ባለ 13 አሃዝ ባርኮድ ሙሉ ልኩ ወደ 37 በ26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከልኩ 80 በመቶ በታች እንዳያሳንሰው። ቁጥሩን ደግሞ ከሌላ ዕቃ ላይ አትቅጂ።

ሌላው ቀኑ ነው። የምርትና የማብቂያ ቀን የሚመታበት ቦታ ላሚኔት የሌለው ባዶ ነጭ ሳጥን ይሁን፤ አንጸባራቂ ላይ ማኅተም ይፋቃል። ዓመተ ምሕረቱንም አትርሺ። ‹‹ማብቂያ 2018›› ብቻ ብትጽፊ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያነብ ገዢ ዓመታት ያለፈበት ዕቃ አድርጎ ይመልሰዋል። ‹‹ዓ.ም.›› ወይም ‹‹እ.ኤ.አ.›› ይጻፍበት፤ ሁለቱም ቢኖሩ ደግሞ ጥሩ። ሌብሉ ላይ የግድ መኖር ያለበትን ዝርዝር ሱፐርማርኬቱ በጽሑፍ እንዲልክልሽ ጠይቂ፤ የክልልሽን የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም አማክሪ። ፋይሉ ካለቀ በኋላ መስመር መጨመር ሁሉን ነገር ያፈርሳል።

ማተሚያ ቤቱን እንዴት እንደምታናግሪው ላስብልሽ። ‹‹አበላሻችሁብኝ›› ብለሽ ከጀመርሽ ‹‹ፋይላችሁ ነው›› ይልሻል፤ በከፊል ደግሞ እውነቱን ነው። በዝንጅብሉ ጀምሪ። ‹‹የቀለሙንና የዳሩን ነገር ፋይላችን ስላልተዘጋጀ ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። የይዘቱን ዝርዝር ግን እናንተ እንደገና ጽፋችሁ፣ ሳታሳዩኝ ነው ያተማችሁት፤ አንድ ግብዓት ጠፍቷል። የተስተካከለ ፋይል ይዤ ስመጣ በቁሳቁስ ዋጋ ብቻ አትሙልኝ።›› ድርሻሽን አስቀድመሽ ስታምኚ ሰውየው ድርሻውን መካድ ይከብደዋል። የላካችሁትን ፋይልና የታተመውን ጎን ለጎን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። እሺ ካለ መልካም፤ እንቢ ካለ ገንዘብሽን ለማስመለስ ስትመላለሺ ሦስቱ ሳምንት እንዳያልቅብሽ፤ ሌላ አታሚ ፈልጊ።

አዲሱን ስታዢ 2,000 አትበዪ። በዲጂታል ማሽን ሲታተም የፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ወጪ ስለሌለ ጥቂት መቶ ማሳተም ይቻላል። ለመጀመሪያው ርክክብ የሚበቃሽን ብቻ አሳትሚ። ሱፐርማርኬቱ ራሱ ‹‹ይህን ቀይሪ›› ሊልሽ ይችላላ! ክፍያውንም ለሁለት ክፈዪው፤ ቀሪው ዕቃውን ካየሽ በኋላ ይሁን።

የ2,000ው ነገር። የፊደል ስህተት ቢሆን ኖሮ ‹‹ተጠቀሚበት፣ ማንም አይሞትም›› እልሽ ነበር። የጎደለ ግብዓት ግን ሌላ ነው፤ ዝንጅብል የማይስማማው ሰው ሌብሉን አምኖ ይበላል። ሳይስተካከል እንዳለ አንድም ጠርሙስ ላይ እንዳይወጣ። ለምግብ ቤት ደንበኞችሽ ግን ሙሉውን የይዘት ዝርዝር የያዘ ትንሽ ነጭ ስቲከር በአሮጌው ዝርዝር ላይ ደርበሽ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ። ነጩ ዳር ደግሞ ጽሑፉ ወደ ጠርዝ ካልተጠጋ በወረቀት መቁረጫ ይላጫል። ሁሉንም አይሆንም፤ ግማሹን እንኳ ብታተርፊ ከኪሳራሽ ይቀነሳል።

ጊዜውን እንዲህ ብታደርጊው። ዛሬ ማታ ወንድምሽን አናግሪ። ነገ ጠርሙሱን ለክታችሁ አታሚውን አብራችሁ ደውሉለት፤ ብሊዱን ስንት ሚሊ ሜትር፣ ፋይሉን በምን ዓይነት፣ የመቁረጫ መስመሩን እንዴት እንደሚፈልግ ይንገራችሁ። መልሱን ወንድምሽ ይጻፈው። ፋይሉ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይለቅ። ከዚያ በፊት የቤቱ ፕሪንተር ላይም ቢሆን በልኩ አትማችሁ በመቀስ ቆርጣችሁ ጠርሙሱ ላይ ጠቅልሉት፤ የልክ ስህተት እዚያው ይታያል። የይዘቱን ዝርዝር ዲዛይኑን ያላየ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ እናትሽ ቢሆኑ ጥሩ ነው።

ከዚያ ከአታሚው በእውነተኛው ስቲከር ላይ የታተሙ ሦስት አራት ናሙናዎች አስልኪ። በፎቶ አትቀበዪ፤ በአውቶቡስም ቢሆን ይምጡ። አንዱን ለጥፈሽ አንድ ቀን ውጭ አሳድሪው፣ ቀጥሎ ፍሪጅ ክተቺው፣ አውጥተሽ ሲያልበው ዘይት በነካው ጣት እሺው። ሌላውን ወስደሽ ሱቅ ውስጥ ባርኮዱን አስነብቢው። ሁለቱንም ካለፈ ‹‹እትሙ›› በዪ።

ይህ ሁሉ በጊዜው ካልደረሰ ሱፐርማርኬቱን ቀድመሽ አሳውቂ። አንድ ሳምንት ከሰጡሽ ደግ። ካልሰጡሽ ደግሞ ነጭ ፕላስቲክ ስቲከር ላይ በጥቁር ብቻ የታተመ፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ሌብል ለመጀመሪያው ዙር ይበቃል። የቀለም ጣጣ የለበትም፤ አረንጓዴውን ራሱ ዳጣው ያሳያል። ወንድምሽ ይህችን በአንድ ቀን ይሠራታል፤ ለጥንቃቄ ከአሁኑ አዘጋጅቶ ያስቀምጣት።